ከስሊቭ በኋላ ፍልሰታን መጾም ይቻላል?

ሐምሌ ሲጋመስ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ አንድ ይሆናል፦ «ስሊቭ ተሠርቻለሁ፤ ፍልሰታን ልጹም ወይስ ይቅርብኝ?» አንዷ እኅታችንማ «ዶክተሬን ብጠይቀው ጾም ማለት ውሃ ብቻ መጠጣት ይመስለዋል፤ ሽሮና ምስርን ለእሱ ከማስረዳ አንቺን ልጠይቅ» ብላኛለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚህ ሜሪላንድ የምኖር፣ ስሊቭ የሚባለውን ጨጓራን የማሳነስ ኦፕራሲዮን ያደረግሁ፣ ሽሮ ካልበላሁ የበላሁ የማይመስለኝ ሰው ነኝ። ከዚህ በታች የማነሣቸው የቫይታሚን መጠኖች የአሜሪካ የሜታቦሊክና የባሪያትሪክ ቀዶ ሕክምና ማኅበር በመመሪያው ያስቀመጣቸው ናቸው። የእናንተን ልክ የሚወስነው ግን የደም ውጤታችሁን ያየው ሐኪም ነው።

መልሴን ላስቀድም። የመጀመሪያውን ዓመት አትጹሙ። ከዚያ ወዲያ ከፍስክ ምግብ መታቀብ፣ ከተዘጋጁበት፣ ይቻላል። ሰዓት መቆየት ግን ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው።

በስሊቭ ከጨጓራችን 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል። «ትንሽ ስለምበላ እከሳለሁ» የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። የምንረሳው የወጣው ክፍል ሥራ እንደነበረው ነው። አሲድ የሚያመነጩት ሴሎች፣ ቫይታሚን ቢ12ን ይዞ እስከ አንጀት የሚያደርሰውን ፕሮቲንም የሚሠሩት እነሱው ናቸው፤ ብዙዎቹም አብረው ሄደዋል። ባይፓስ የሚባለውን ሌላውን የጨጓራ ኦፕራሲዮን የተሠራ ሰው ደግሞ ጨጓራው ሆዱ ውስጥ ቢቀርም ምግብ አያልፍበትም፤ አይረንና ካልሲየም በደንብ የሚመጠጡበት የአንጀት መነሻም ይዘለላል። ስለዚህ የቱንም ያህል ጥሩ ብንበላ የቫይታሚን ኪኒኑ አይቀርልንም። «አሁን ደህና ነኝ» ተብሎ የሚቆም ነገር አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ነው።

ጾሙ ላይ ስንመጣ ይህ ነገር ይጠነክራል። ቢ12 በሥጋ፣ በዓሣ፣ በወተትና በእንቁላል ነው ያለው፤ በጤፍም በምስርም በጎመንም የለም። አንድ ምእመን የሚጾማቸው ቀናት ተደምረው በዓመት ወደ 180 ይጠጋሉ፤ የዓመቱ ግማሽ ማለት ነው። ጨጓራው ሙሉ የሆነ ሰው በፍስክ የበላውን ጉበቱ አከማችቶለት ለዓመታት ሊያኖረው ይችላል። እኛም ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያከማቸነው ስላለ መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማንም። ጉዳቱ ብቅ የሚለው ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ አገሩ ሁሉ «አምሮብሻል» በሚልበት ሰሞን ነው፦ እግር ይደነዝዛል፣ ድካም አይለቅም፣ ነገር ይረሳል። የነርቭ ጉዳቱ ከቆየ ላይመለስም ይችላል። መመሪያው በየቀኑ ከ350 እስከ 1000 ማይክሮ ግራም በአፍ ይላል፤ ከምላስ ሥር የሚሟሟውም ይሆናል። በወር አንዴ 1000 ማይክሮ ግራም በመርፌ የሚወስዱም አሉ። ኪኒን መዋጥ ለሚሰንፍ ሰው መርፌው ይሻላል ባይ ነኝ።

ከቢ12 ቀጥሎ ሁለተኛው አሳሳቢ ነገር ፕሮቲን ነው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ይፈለጋል፤ ካልተገኘ ሰውነት ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ይበላል። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል አለው። 60ውን በምስር ብቻ እንሙላ ብንል ከሦስት ኩባያ በላይ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ግማሽ ኩባያ የሚከብደው ጨጓራ ይህን የት ያደርሰዋል? ለዚህ ነው በጾም የአኩሪ አተር ፕሮቲን ዱቄት የምይዘው። አንድ ማንኪያው (ዕቃው ውስጥ የሚመጣው ትልቁ) እንደ ዓይነቱ ከ20 እስከ 25 ግራም ይሰጣል። ጣዕም የሌለውን ገዝታችሁ ሽሮው ከእሳት ከወረደና በረድ ካለ በኋላ ብታማስሉበት እንግዳ አያውቅባችሁም። እየፈላ ከጨመራችሁት ይቋጠራል። ቶፉም በቲማቲምና በቃሪያ ሲጠበስ እንቁላል ፍርፍር ይመስላል፤ ይመስላል እንጂ አይሆንም፣ ግን ይበላል።

ሰዓቱስ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ መቆየት ከምግቡ ዓይነት ይልቅ እኛን የሚጎዳን ነው። ሌላው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጭ ብሎ የቀረበትን ያካክሳል። እኛ ማካካስ አንችልም፤ ውሃውንም በጉንጭ በጉንጭ ነው የምንጠጣው። በቀረችው ጊዜ ውስጥ አንድ ተኩል ሊትር ውሃ፣ 60 ግራም ፕሮቲንና ሦስት አራት ዙር ኪኒን ማስገባት አይሆንም። በረመዳን ለሚጾሙ እኅት ወንድሞችም ሒሳቡ ያው ነው፤ ብዙ ባለሙያዎችም ቢያንስ ዓመት እስኪሞላ ጠብቁ ይላሉ። የኦርቶዶክስ ልጆች ለንስሐ አባታችሁ በግልጽ ንገሩ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም። ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረን «አልታመምኩም እኮ፣ በምን አፌ ልጠይቅ?» የሚለው ነው። የእኔ ንስሐ አባት ነገሩን ሲሰሙ ሰዓቱን አነሡልኝ፣ የምግቡን ጾም ግን አስቀጠሉኝ። የእናንተ ሌላ ሊሉ ይችላሉ፤ ብቻ ሳትነግሯቸው አትወስኑ።

«ጤፍ አይረን አለው፣ ኪኒኑ ለምኔ?» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። አለው። ግን በላብራቶሪ ከሚለካው ከፊሉ እህሉ አውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ስለሆነ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴትም አይረኑን አስሮ ይይዘዋል፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከእንጀራው በላይ ቡናችን አለ። ቡናም ሻይም ከእህልና ከኪኒን የሚገኘውን አይረን እንዳይመጠጥ ይከለክላሉ። ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ አይረን ኪኒን መሃል ላይ መዋጥ ገንዘብ መጣል ነው። የወር አበባ ለምታይ ሴት በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ይታዘዛል፤ እኔ ማታ ልተኛ ስል፣ ቡናው ከራቀ በኋላ፣ ከብርቱካን ጋር እወስደዋለሁ።

ካልሲየምም ከአይረን ጋር አይስማማም፤ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይፈልጋሉ። ካልሲየሙ በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ነው፤ ሰውነት ግን በአንድ ጊዜ ከ500 ወይም ከ600 በላይ በደንብ ስለማይቀበል ይከፋፈላል። ስትገዙ «ካልሲየም ሲትሬት» የሚል ፈልጉ። ርካሹ ካርቦኔት ለመመጠጥ የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፤ አሲዱ ደግሞ ቀንሷል፣ ኦሜፕራዞል የምትወስዱ ከሆነ ይብሱን። ቫይታሚን ዲ በቀን 3000 አይዩ (IU) ነው። ቆዳችን ጥቁር፣ እዚህ ያለው ክረምት ረጅም ነውና ይህን አትናቁት። የልጆች ከረሜላ የሚመስለው ጋሚ ቫይታሚን ግን ይቅርባችሁ፤ አብዛኛው አይረን የለውም።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ፀጉር ከሦስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ይረግፋል፣ ይመለሳልም። ለፀጉሩ ብላችሁ ባዮቲን በብዛት የምትወስዱ ለምርመራ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ንገሩ፤ የታይሮይድንና የልብን ምርመራ ውጤት ሊያዛባ ይችላል።

አሁን የምጽፈውን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ቫይታሚን ቢ1፣ ቲያሚን የሚባለው፣ በሰውነት ውስጥ የሚቆየው ክምችት ለሁለት ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ትውከት ከጸናባችሁ ያ ክምችት ያልቃል። ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ መንገዳገድ፣ መዘባረቅ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። ይህን በተለይ ውጭ አገር ሄዳችሁ ተሠርታችሁ አዲስ አበባ ለምታገግሙ እላለሁ። እኛ ሰው ሲዳከም «ጉሉኮስ ይሰቀልለት» ማለት ይቀናናል። ቲያሚን ባለቀበት ሰው ላይ ጉሉኮስ ብቻውን ሲገባ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል፤ ቲያሚኑ መቅደም ወይም አብሮ መሰጠት አለበት። ስለዚህ የሚያክመውን ሰው «የጨጓራ ኦፕራሲዮን አድርጌያለሁ፣ ይህን ያህል ቀን አስመልሶኛል» በሉት። ከጎረቤት ብትደብቁ መብታችሁ ነው፤ ከሐኪም ግን አትደብቁ። ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ከመወጋታችሁ በፊትም ይህንኑ ተናገሩ፣ ባይፓስ የሆናችሁ በተለይ፤ ቁስለት ያመጣል።

ለአዲሶቹ፦ ከፈሳሽ ወደ ላመ፣ ከላመ ወደ ለስላሳ፣ ከዚያ ወደ መደበኛ ምግብ የሚደረሰው በሁለት ወር ገደማ ነው፤ ሐኪማችሁ የሰጣችሁን ወረቀት ተከተሉ። እናቶቻችን ለሚያገግም ሰው የሚያመጡት አጥሚትና ገንፎ ነው። ፍቅር ነው፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው፣ ገንፎውም ከነቅቤው ለአዲስ ጨጓራ ይከብዳል። አጥሚቱን አትመልሱት፤ ስኳሩን አስቀንሱና ቀጭን አድርጋችሁ በወተት አሠሩት፣ ፕሮቲን ዱቄቱንም ጨምሩበት። እንጀራ ስፖንጅ ስለሆነ ፈሳሽ ጠጥቶ ያብጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወጡን፣ በተለይ ሥጋውን ወይም እንቁላሉን፣ እንጀራውን መጨረሻ ላይ ቦታ ከተረፈ። ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጣም፣ ግማሽ ሰዓት ይቆያል።

«በሞቴ» እያለች ጉርሻ ይዛ የምትቆም አክስት ለሁላችንም አለችን። አትከራከሯት። ጉርሻውን በእጃችሁ ተቀበሉ፣ ጉንጯን ሳሙ፣ ሳህናችሁ ዳር አስቀምጡትና ከእሱ ላይ በጥፍር ቁንጥር እያላችሁ ብሉ። ሰው የሚያየው መቀበላችሁን ነው።

ፍልሰታን ለመያዝ ያሰባችሁ ነሐሴ 1 ሳይደርስ ደም ተመርመሩ፦ ቢ12፣ ፌሪቲን (የአይረን ክምችት)፣ ቫይታሚን ዲ። በመጀመሪያው ዓመት በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ መታየቱ የተለመደ ነው፤ የዘለላችሁ ካላችሁ አሁን ጊዜው ነው። ስለ ጠጅና ቢራ የጠየቃችሁኝ ደግሞ እሱን ለብቻው እጽፈዋለሁ። እስከዚያው አንድ ብርሌ ከበፊቱ ፈጥኖ ደም ውስጥ እንደሚገባ እያወቃችሁ፣ ሠርግ ስትሄዱ መኪናውን ሌላ ሰው ይንዳው።