ከወልድያ በላይ የነበረው የበረዶ ግግር

የበረዶ ግግር ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ አንታርክቲካና ወደ ግሪንላንድ ይሄዳል። በመርሳና በሀብሩ ቆላ፣ ማሽላና ማንጎ በሚበቅልበት ምድር፣ ስለ በረዶ ግግር መነጋገር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከወልድያ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በአየር መስመር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የልብ አምባ ተራራ (3,993 ሜትር) በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግግር ተሸክሞ ነበር። በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት በተራራው ላይ ያሉትን ሞሬኖች በካርታ አስፍረዋል።

ሞሬን ምንድን ነው? የበረዶ ግግር በራሱ ክብደት ቁልቁል በዝግታ ይንሸራተታል፤ በጉዞውም ድንጋይና አፈር እየገፋና እየተሸከመ ይወርዳል። ሲቀልጥ ውኃው ይሄዳል፤ ሸክሙ ግን ይቀራል። ወንዝ የተሸከመውን በየመጠኑ ለይቶ ሲያስቀምጥ፣ ግግር ትልቁንም ትንሹንም አደባልቆ ይከምረዋል። ይህ ክምር ነው ሞሬን የሚባለው።

ለመሆኑ ዛሬ በዚያ ተራራ ላይ ግግር የሌለው ለምንድን ነው? ቀላል ስሌት እንሥራ። 1 ኪሎ ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። በዚህም መሠረት በእኛ የምድር ክፍል አማካይ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው 4,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ራስ ዳሽን እንኳ ከዚህ መስመር በታች ስለሆነ ውርጭና አመዳይ እንጂ ቋሚ በረዶ የለውም። በበረዶው ዘመን ግን ሙቀቱ ከዛሬው በ6 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ እንደነበር ጥናቱ ይገምታል። 6 ዲግሪ በከፍታ ሲመነዘር 1,000 ሜትር ነው። መስመሩ ወደ 3,800 ሜትር ሲወርድ የልብ አምባ ጫፍ ከመስመሩ በላይ ይሆናል።

ዕድሜውስ በምን ይታወቃል? ለዚህ መልሱን ከባሌ ተራሮች እናገኛለን። አሌክሳንደር ግሮስ በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ባካሄደው ምርምር የባሌን ድንጋዮች መርምሯል። ከህዋ የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር ድንጋይን ሲመታ በውስጡ ክሎሪን-36 የተባለ አይሶቶፕ ይፈጥራል። ድንጋዩ ከበረዶ ተላቆ ለሰማይ ከተጋለጠበት ጊዜ ጀምሮ ይህ አይሶቶፕ ይጠራቀማል፤ መጠኑን መለካትም ሰዓት እንደማንበብ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳተሙት፣ የባሌ ግግሮች እጅግ የሰፉት ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመታት በፊት ነበር። የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ታላላቅ የበረዶ ንጣፎች ግን ጣሪያቸው ላይ የደረሱት ከ26,000 እስከ 19,000 ዓመታት በፊት ነው። የእኛ ተራሮች የሌላውን ዓለም ታሪክ እንዳለ አልደገሙም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተራራ ራሱን ችሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ይህ የድንጋይ ሰዓት አንድ ግዴታ አለው፤ ድንጋዩ ግግሩ ካስቀመጠው ቦታ መነሳትም ሆነ መገልበጥ የለበትም። ለካብ ወይም ለእርከን የተነሳ ድንጋይ ምስክርነቱን ያጣል። ገበሬው ማሳውን ከጎርፍ ለመከላከል ድንጋይ ቢያነሳ ልንወቅሰው አንችልም። የእኛ ድርሻ ቀድሞ መመዝገብ ነው። ወደ ደጋው የምትወጡ ተማሪዎች የክምሩን ቦታ፣ ከፍታና አቅጣጫ ጻፉ፤ ፎቶግራፍም አንሡ። ስለ በረዶ ዘመን ለመመራመር የግድ ዋልታ ድረስ መጓዝ አያስፈልግም፤ ማስረጃው ከወልድያ በላይ ይገኛልና።