የእረኛ ውሻ ዘሩ በምን ይታወቃል

ፈረስ ሲገዙ ስለ አባቱና ስለ እናቱ አስቀድመው የሚጠይቁ አንባቢዎቻችን፣ በእንግሊዝ አገር የውሻ ዘር በመዝገብ ተጽፎ እንደሚጠበቅ ቢሰሙ አይደነቁም። ለዚሁ ሥራ ኬኔል ክለብ የሚባል ማኅበር በ1873 ዓመተ ምሕረት በለንደን ቆሟል (ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ነገር ግን መዝገብ የሚመሰክረው ስለ ትውልድ ነውና፣ የውሻን መልካምነት በመልኩ እንለካው ወይስ በሥራው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። ይህንንም ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳልን ቦርደር ኮሊ የተባለው የእረኛ ውሻ ነው፤ ስሙን ያገኘው በእንግሊዝና በስኮትላንድ መካከል ካለው የድንበር አገር ነው።

በዚያው በ1873፣ በዌልስ አገር ባላ በምትባል ከተማ፣ ሪቻርድ ሎይድ ፕራይስ የተባሉ ባለ ርስት የእረኛ ውሾችን አወዳደሩ። ከቀረቡት 10 ውሾች ያሸነፈው ትዊድ የሚባል፣ ጌታውም በዌልስ የሚኖር ስኮትላንዳዊ ነበር። በዛሬው የውድድር ሥርዓት ውሻው ከእረኛው እግር ተነሥቶ በሩቅ ዞሮ ከበጎቹ በስተኋላ ይደርሳል፤ ሳያስበረግግም ወደ ጌታው ያመጣቸዋል፤ ደግሞ በታዘዘለት መንገድ መልሶ ይነዳቸዋል፤ በመጨረሻም ወደ በረት ያስገባቸዋል። ጌታው የሚያዝዘው በፉጨትና በቃል ብቻ ነው። በግ የነከሰ ውሻ ከውድድሩ ሊባረር ይችላል።

በኖርተምበርላንድ የነበሩት ገበሬ አዳም ቴልፈር ሮይ የሚባል ወንድ ውሻ ነበራቸው፤ ጠባዩ የተገለጠና ደስተኛ ሲሆን፣ በጎችን በዐይኑ አፍጥጦ የመያዝ ኀይሉ ጥቂት ነበር። ሜግ የምትባለው ሴት ውሻ ግን ዐይናፋር ሆና፣ በጎቹን ትክ ብላ ስታይ ራሷም እስክትፈዝ ድረስ ነበር ይባላል። ቴልፈር ሁለቱን አገናኝተው በ1893 ሄምፕ የሚባል ቡችላ አገኙ። ሄምፕም የእናቱን ዐይንና የአባቱን ጠባይ በልክ ወርሶ በጎችን በጸጥታ የሚነዳ ሆነ። የአገሩ ገበሬዎች ሴት ውሾቻቸውን ወደ እርሱ ያመጡ ጀመር፤ በ1901 እስኪሞትም ከ200 የሚበልጡ ቡችሎች እንደ ወለደ ይነገራል። ቴልፈር ይህን ሲያደርጉ የመረጡት ጠባይን እንጂ የጠጕር ቀለምን አልነበረም።

የእረኞቹ ማኅበር በ1906 በስኮትላንድ ሃዲንግተን በምትባል ከተማ ተመሠረተ። ከደንቡ አንዱ እኛን እጅግ ደስ አሰኝቶናል፤ ወላጆቹ በመዝገብ ያልተጻፉለት ውሻ እንኳ ሥራውን በዳኞች ፊት ካሳየና ጤንነቱ ከተመረመረ ወደ መዝገብ ሊገባ ይችላልና። ኬኔል ክለብ ይህን ዘር በ1976 ሲቀበል ለመልክ ውድድርም በሩን ከፈተ፤ ብዙ እረኞችም ጠጕሩንና የራሱን ቅርጽ እየመረጡ ማርባት ብልኀቱን ያጠፋዋል ብለው ሠጉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ በሥራ መምረጥም የራሱ አደጋ አለው። በ1965 ዓለም አቀፉን ውድድር ያሸነፈው ዊስተን ካፕ እጅግ ስለ ተወደደ ደሙ በብዙ ቤት ገባ፤ የአንድ አባት ደም እንዲህ ሲበዛ የተሰወረ ደዌም አብሮ ሊሠራጭ ይችላል። ማኅበሩ ውሾቹን የዐይን ምርመራ የሚያስደርገውም ስለዚሁ ነው።

ይህን ውሻ ለልጆች መጫወቻ ብሎ ወደ ከተማ ቤት የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ ያስብበት። በግ ያጣ እንደ ሆነ ልጆችን፣ ዶሮዎችን፣ የሚያልፈውንም ብስክሌት መንዳት ይጀምራል፤ ሮጦ የሚያመልጠውን ሕፃን ተረከዙን ነከስ ያደርጋል። ይህ ክፋት ሳይሆን ሥራ መፈለግ ነው። መስክና መንጋ ያለው ገዢ ግን ወረቀቱን ከማንበቡ በፊት እናቲቱ ስትሠራ እንዲያሳዩት ይጠይቅ፤ ሻጩ እምቢ ያለ እንደ ሆነም ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።