ውል ጻፍልን ስንባል፦ ገጠር ላለው ቤተሰባችን ከወለድ የጸዳ ብድር ከየት ይገኛል?



ክረምት ሲገባ ጎተራው ይጎድላል። ዘርና ማዳበሪያ የሚገዛው በዚሁ ጊዜ ነው፤ ለእኛ ለትራንስፖርት፣ ለልብስና ለደብተር የሚሆነው ገንዘብ የሚፈለገውም ከዚያው ብዙ ሳይርቅ ነው። ከገበሬ ቤት የመጣን ብዙዎቻችን ገንዘቡ እጃችን ሲገባ ከየት እንደተገኘ አንጠይቅም። አንዳንዴ በሬ ተሽጦ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ተበድሮ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ለእረፍት ወደ አገር ቤት ስንሄድ መንደሩ ውስጥ ብዕር ይዞ የሚቀመጠው የተማረው ልጅ ነው። "ና ይቺን ውል ጻፍልን" ስንባል እንጽፋለን፤ ምን እንደምንጽፍ ግን አናስብም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወለድ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚያበላውን፣ ውሉን የሚጽፈውንና የሚመሰክሩትንም ረግመዋል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የአባቶቻችን ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው። በዚህ እትም ገጠር ውስጥ የሚታወቁትን የብድር ዓይነቶች አንድ በአንድ እናያለን፤ የትኛው ላይ ችግር እንዳለ፣ በምን እንደሚተካ፣ ውሉ እንዴት እንደሚጻፍም እናነሳለን።

ፍትሐዊ ብድር ስንል

በዲናችን መለኪያው ግልጽ ነው። አበዳሪው የሰጠውን ያህል ይመልሳል፤ በብድሩ ምክንያት በሸርጥ የሚያገኘው ማንኛውም ጥቅም ወለድ ነው። ጥቅሙ ብር ብቻ ላይሆን ይችላል። "ብሩን እስክትመልስ በሳምንት አንድ ቀን እረስልኝ" ብሎ ማበደርም እዚሁ ውስጥ ይገባል፤ ጉልበትም ዋጋ አለውና።

ተበዳሪው ያለ ሸርጥና ያለ ልማድ ግዴታ፣ በራሱ ፈቃድ ሲከፍል ጨምሮ ቢሰጥ ግን ችግር የለውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወጣት ግመል ተበድረው የተሻለ መልሰዋል፤ ከሰዎች በላጩ አከፋፈሉ ያማረው እንደሆነም አስተምረዋል። ልዩነቱ ያለው ጭማሪው ቀድሞ የተነገረ ወይም የሚጠበቅ መሆኑ ላይ ነው።

የአገሪቱ ሕግም የራሱ ገደብ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በብድር ውል ላይ ተዋዋዮች የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሰውን ችግር ተጠቅሞ ከዚያ በላይ የሚያስከፍል አራጣ አበዳሪ በወንጀል ሕጉ ይጠየቃል። እኛ ዘንድ ትንሹም ወለድ ወለድ ነው። ሆኖም በወር አሥር በመቶ የሚጠየቅ አባት ዲኑም ሕጉም ከእሱ ጋር እንደሆኑ ማወቁ ይጠቅመዋል።

መንደር ውስጥ የምናገኛቸው አራት ዓይነቶች

*አራጣ።* ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የማይታወቀው አጻጻፉ ነው። አበዳሪው 10 ሺህ ብር ሰጥቶ ወረቀቱ ላይ 15 ሺህ "ያለ ወለድ ተበድሬያለሁ" ያስብላል። ወረቀቱ ሲታይ ቀርድ ይመስላል፤ ፍርድ ቤት ቢቀርብም ተበዳሪው 10 ሺህ ብቻ እንደወሰደ ማስረዳት ይቸግረዋል። እንዲህ ያለ ውል ጻፉ ስንባል መልሳችን አንድ ነው፦ በእጅ የተቆጠረው ብር ይጻፍ፤ ካልሆነ አንጽፍም።

*እህል በእህል።* በሐምሌ አንድ ኩንታል ስንዴ ወስዶ በመኸር ኩንታል ተኩል መመለስ በብዙ አካባቢ እንደ ነውር አይቆጠርም። "እህል እንጂ ብር አይደለም" ይባላል። ነገር ግን ስንዴ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወለድ እንደሚገባባቸው በስም ከጠቀሷቸው ስድስት ነገሮች አንዱ ነው። ኩንታል ለኩንታል፣ በዓይነትና በጥራት ተመሳሳይ ሆኖ ከተመለሰ ቀርድ ነው። ግማሿ ኩንታል ናት ነገሩን የምታበላሸው።

*ሰብል ሳይደርስ መሸጥ።* ነጋዴው በክረምት ብር ይሰጥና በኅዳር ጤፍ ይረከባል። ይህ በመሠረቱ ሰለም የሚባል የተፈቀደ ሽያጭ ሊሆን ይችላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች የተምር ዋጋ ለአንድና ለሁለት ዓመት አስቀድመው ይከፍሉ ነበር፤ እሳቸውም ስፍሩ፣ ሚዛኑና ጊዜው የታወቀ እንዲሆን አዘዙ። ስለዚህ ዋጋው ውሉ ሲደረግ ሙሉ በሙሉ መከፈል አለበት። የእህሉ ዓይነት፣ ጥራት፣ መጠንና የመረከቢያው ቀን መታወቅ አለበት። "ከዚያ ማሳ የሚገኘውን ሁሉ" ማለት ግን አይሆንም፤ ማሳው በበረዶ ሊመታ ይችላል። "ብር ውሰድ፣ ዋጋውን በመኸር እንነጋገራለን" የሚለውም ሰለም አይደለም። ሸርጡ ቢሟላም ገበሬው ቢያንስ ባለፈው መኸር ኩንታሉ ስንት እንደነበር አስታውሶ መደራደር አለበት። የተራበ ሰው በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ ማየትና ዝም ማለት ወንድማማችነት አይደለም።

*ወለድ አገድ።* ከሁሉም በላይ ልናተኩርበት የፈለግነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሶላት የማያልፋቸው ሰዎች ሳይቀሩ "ወለድ የለውም" ብለው የሚገቡበት ነው። አባት ብር ይበደራል፤ አበዳሪው መሬቱን ይይዝና ብሩ እስኪመለስ እያረሰ ይበላል። ብሩ ላይ የሚጨመር ስለሌለ ንጹሕ ይመስላል። ስሙ ግን ራሱ ይናገራል፤ መሬቱ የሚታገደው ስለ ወለዱ ነው። አበዳሪው በብድሩ ምክንያት የሚያገኘው ምርት ጥቅም ነውና አብዛኞቹ ዑለሞች ከወለድ ይቆጥሩታል። መያዣ፣ ማለትም ረህን፣ ራሱ የተፈቀደ ነው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ጥሩራቸውን አስይዘው ገብስ ገዝተዋል። የማይፈቀደው አበዳሪው መያዣውን እየተጠቀመበት መቆየቱ ነው።

በስሌት እንየው። ለምሳሌ አንድ አባት ሁለት ጥማድ መሬት አስይዞ 30 ሺህ ብር ወሰደ እንበል። ሦስት ዓመት አለፈ። አበዳሪው ሦስት መኸር ሰብስቧል፤ አባት ግን አሁንም 30 ሺህ ብር ዕዳ አለበት። መሬቱ እጁ ላይ ስለሌለም ዕዳውን የሚከፍልበት ምርት የለውም። ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት መሬቱን ማስመለስ የሚያቅተው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ያንኑ መሬት በዓመት 10 ሺህ ብር ሒሳብ ለሦስት ዓመት አከራይቶ ኪራዩን አስቀድሞ ተቀበለ እንበል። በእጁ የገባው ያው 30 ሺህ ብር ነው። ሦስተኛው መኸር ሲያበቃ ግን መሬቱ ይመለሳል፤ ዕዳም የለበትም። አንደኛው ወለድ ያለበት ብድር ነው፤ ሁለተኛው ኪራይ ነው። ኪራዩ ጊዜውና ዋጋው የታወቀ ይሁን፤ ውሉም በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ብሩ የሚፈለገው ለዘርና ለበሬ ብቻ ከሆነ ደግሞ የእኩል ማረስም አለ፤ ምርቱን በተስማሙበት ድርሻ መካፈል እንጂ ዕዳ አይኖርበትም።

ታዲያ ከየት እንበደር?

መጀመሪያ ዘመድና ጎረቤት ነው። ቀርዱል ሐሰን፣ ማለትም ያለ ጥቅም ለአላህ ተብሎ የሚሰጥ ብድር፣ መንደራችን ውስጥ አልጠፋም። የጠፋው እምነት ነው። ሰው የሚፈራው ብሩ እንዳይቀርበት ነውና ጽሑፍ፣ ምስክርና ዋስ ማቅረብ አበዳሪውን ያበረታዋል።

ሁለተኛው እድር ነው። ብዙ እድሮች ከለቅሶ ውጭ ለታመመና ለተቸገረ አባል የሚያበድሩበት ደንብ አላቸው። ደንቡን አስነብቡ፤ በብድሩ ላይ "ለእድሩ ማጠናከሪያ" የሚባል ጭማሪ ካለ ያ ወለድ ነው። ልጆቻቸው የምንሆን ሰዎች በስብሰባ ላይ ይህች መስመር እንድትወጣ በአክብሮት ልንጠይቅ እንችላለን።

ሦስተኛው እቁብ ነው። 20 ሰው በሳምንት 500 ብር ቢጥል በየሳምንቱ 10 ሺህ ይወጣል። ቀድሞ የደረሰው የተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው ያበደረ ያህል ነው፤ ሁሉም ግን የጣለውን ያህል ስለሚወስድ ብዙ ዑለሞች ፈቅደውታል። የሚያበላሸው ዕጣ መሸጥ ነው። የደረሰውን 10 ሺህ ለሌላ አሳልፎ በኋላ 10 ሺህ ከ500 መቀበል ብርን በብር በጭማሪ መሸጥ ነው። ለችግረኛ ተራን በነፃ መልቀቅ ግን ሰደቃ ነው።

አራተኛው ዘካ ነው። ቁርኣን በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለዕዳዎችን ይጠቅሳል። ለሐላል ጉዳይ ተበድሮ መክፈል ያቃተው አባት ዘካ መቀበል መብቱ ነው። ሀብታም ዘመድ ያለን ሰዎች ይህን እናስታውሳቸው።

አምስተኛው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበርና ባንክ ነው። የቀበሌው ማኅበር ከወለድ ነፃ አሠራር እንዳለው በቀጥታ ጠይቁ። ባንኮችን በተመለከተ ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ጨምሮ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። አሠራራቸው ግን ብዙውን ጊዜ ብር ማበደር አይደለም። ሙራበሓ የሚባለው ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን አሳውቆ በዱቤ የሚሸጥበት ነው። የውኃ መሳቢያ ሞተር በ40 ሺህ ገዝቶ በ46 ሺህ ሊሸጥ ይችላል። ይህ ንግድ የሚሆነው ባንኩ ዕቃውን መጀመሪያ የራሱ ካደረገና ክፍያው ቢዘገይ ዋጋው ካልጨመረ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ውሉ እንዴት ይጻፍ?

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የብድርን አጻጻፍ የሚያስተምረው የሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 መሆኑ በቂ ትምህርት ነው። "በወንድማማች መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?" የሚለው አባባል ከዚህ አንቀጽ ጋር አይሄድም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይናገራል።

ብዕሩ እጃችን ሲገባ የሚከተሉትን እንጻፍ፦

– የሁለቱ ወገኖች ሙሉ ስምና አድራሻ፤
– በእጅ የተቆጠረው ብር በአሃዝና በፊደል፤
– የተሰጠበት ቀንና የሚመለስበት ቀን፣ በአንድ ጊዜ ወይስ በየመኸሩ እንደሚከፈል፤
– መያዣ ካለ ምን እንደሆነ፣ አበዳሪው እንደማይጠቀምበትም፤
– የምስክሮችና የዋስ ስምና ፊርማ።

ጽሑፉን ፊደል ለማያውቀው ወገን ጮክ ብለን እናንብብለት፤ በተከፈለ ቁጥርም ደረሰኝ እንጻፍ። ዕዳው ሲያልቅ ዋናው ወረቀት ይመለስ።

ውስጡ ገብቶ ለተቸገረ

ቤተሰባችን አሁኑኑ ወለድ ያለበት ዕዳ ውስጥ ከሆነ መፍትሔው መሸሽ ወይም ሌላ አራጣ መድረብ አይደለም። መጀመሪያ ዋናው ብር ስንት እንደነበር፣ እስካሁን ስንት እንደተከፈለ ቁጭ ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚያ የመስጂዱን ኢማምና አበዳሪው የሚያከብራቸውን ሽማግሌዎች መላክ ነው። የሱረቱል በቀራህ መልእክት ለሁለቱም ወገን ነው፤ ለአበዳሪው ዋናው ገንዘብ እንጂ ጭማሪው የእሱ አይደለም፤ ባለዕዳው ከቸገረው እስኪያገኝ ይታገሠው፣ ቢምረው ደግሞ ለራሱ የተሻለ ነው። መክፈል እየቻለ የሚያዘገይ ሰው ደግሞ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል በዳይ ነው። ሽምግልናው ካልሠራና ጉዳዩ አራጣ ከሆነ ሕግ አለ።

ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም። እያንዳንዱ ውል የራሱ ዝርዝር አለውና ወረቀቱን ይዛችሁ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብናደርግ ቤታችን እንደውል። ትምህርታችን በየትኛው ብር እየተካሄደ እንደሆነ እንጠይቅ። መሬቱ በሰው እጅ ከሆነ ስንት መኸር እንዳለፈው እንወቅ። ምናልባት አባታችን ለማንም ያልነገረው ነገር ይኖራል፤ የሚጠይቀው ልጅ ማግኘቱ ራሱ ያቀልለታል።

አላህ ከዕዳ ሸክም ይጠብቀን፣ ሐላሉን ያብቃቃን። አሚን።