ገንዘብ በቅጽበት ሲመነዘር፦ ከአሞሌ ጨው እስከ ቢትኮይን

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ፣ የገንዘብ ምንዛሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና በርካታ ታላላቅ ሆቴሎች በአካባቢው ስለሚገኙ፣ ለስብሰባ የመጣ እንግዳ አስቀድሞ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ የያዘውን ገንዘብ ወደ ብር መለወጥ ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች የተወረሰ ነው።

የባንክን የምንዛሪ ሰሌዳ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ለእያንዳንዱ ገንዘብ ሁለት ዋጋ ተጽፎ ያያል፤ አንዱ መግዣ፣ ሌላው መሸጫ ነው። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር በጀመረበት ዕለት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንዱን የአሜሪካ ዶላር በ74 ብር ከ73 ሳንቲም ሲገዛ፣ በ76 ብር ከ23 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ለመሆኑ ይህ የ1 ብር ከ50 ሳንቲም ልዩነት የምን ዋጋ ነው? በአጭሩ የዝግጁነት ዋጋ ነው። ባንኩ ሁለቱንም ገንዘብ አከማችቶ ደንበኛ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅም ዋጋው ቢዋዥቅ ጉዳቱን ይሸከማል። ደንበኛው «በቅጽበት መነዘርኩ» የሚለው ሌላ ወገን ቀድሞ ስለጠበቀለት ነው።

ይህን ነጥብ አንባብያን እንዲይዙልን እንሻለን። ዛሬ በተንቀሳቃሽ ስልክ «ቢትኮይንዎን በቅጽበት ወደ ኢተር ይለውጡ» የሚል ማስታወቂያ ማየት የተለመደ ሆኗል። ታዲያ በዚህ ምንዛሪ ውስጥ የሚጠብቀው ማን ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው?

ነገሩን ከአገራችን ታሪክ እንጀምር

አባቶቻችን ሁለት ገንዘቦችን ጎን ለጎን ይጠቀሙ ነበር። አንደኛው ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ ተጠርቦ በግመልና በበቅሎ የሚጓጓዘው አሞሌ ጨው ሲሆን፣ ሁለተኛው የ1780 እ.ኤ.አ. ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ የብር ጠገራ ነው። የሁለቱ ምንዛሪ በሁሉም ስፍራ አንድ አልነበረም። ለጨዉ መገኛ ቅርብ በሆነው ሰሜን በአንድ ጠገራ ብዙ አሞሌ ይገኝ ነበር፤ ወደ ደቡብ በተራቀ ቁጥር ግን የአሞሌው ቁጥር ያንስ ነበር። ልዩነቱ የጉዞው፣ የአደጋውና የጊዜው ዋጋ ነበር። ጨውና ብር በራሳቸው አይተዋወቁም፤ የሚያስተዋውቃቸው መንገዱን የተጓዘው ነጋዴ ነበር።

ቢትኮይንና ኢተርም እንዲሁ አይተዋወቁም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የሒሳብ መዝገብ አላቸው፤ አንዱ መዝገብ በሌላው ውስጥ የተጻፈውን በራሱ አያነብም። በቢትኮይን መዝገብ ላይ አዲስ ገጽ የሚጨመረው በአማካይ በየ10 ደቂቃው ነው፤ ብዙዎችም ክፍያው ጸና የሚሉት 6 ገጾች ከተጨመሩ በኋላ፣ ማለትም ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። የኢተሬም መዝገብ በየ12 ሴኮንዱ ቢያድግም፣ የተጻፈው የማይሻር እስኪሆን 13 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል «ቅጽበት» የሚባለው ነገር በመዝገቦቹ ውስጥ የለም፤ ከሌላ ስፍራ መምጣት አለበት።

ሦስቱ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ አማላጅ ነው። አንድ ድርጅት ሁለቱንም ዓይነት ገንዘብ አከማችቶ እንደ ካዛንቺስ ባንክ ይጠብቃል፤ የደንበኛውን ተቀብሎ የራሱን ይሰጣል። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ደንበኛው ድርጅቱን ማመን አለበት። ማውንት ጎክስ የተባለው የጃፓን መገበያያ በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ.፣ ኤፍቲኤክስ ደግሞ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ሲወድቁ ደንበኞቻቸው የዚህን እምነት ዋጋ ተምረዋል።

ሁለተኛው መንገድ አማላጅ የማይሻ ነው። ሐሳቡን በ2013 እ.ኤ.አ. ቲር ኖላን በሚል ስም የሚጽፍ ሰው ያቀረበው ሲሆን፣ በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. የላይትኮይን መሥራች ቻርሊ ሊ በላይትኮይንና በዲክሬድ መካከል በተግባር አሳይቶታል። አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። ጫልቱ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ አበበ ከካዛንቺስ ናቸው እንበል። ጫልቱ ቢትኮይን፣ አበበ ላይትኮይን አላቸው። ጫልቱ አንድ ምስጢራዊ ቁጥር ትመርጥና «ሃሽ» በተባለ ስሌት አሻራውን ታወጣለች። ከቁጥሩ አሻራውን ማውጣት ቀላል ነው፤ ከአሻራው ቁጥሩን መልሶ ማግኘት ግን በተግባር አይቻልም። ከዚያም ቢትኮይኗን በሚከተለው ውል ትቆልፋለች፦ «የዚህን አሻራ ቁጥር ያሳየ አበበ ይውሰድ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ካላሳየ ወደ እኔ ይመለስ።» አበበም አሻራውን አይቶ ላይትኮይኑን በዚያው አሻራ ለጫልቱ ይቆልፋል፤ የእርሱ ገደብ ግን 24 ሰዓት ነው። ጫልቱ ላይትኮይኑን ለመውሰድ ምስጢሯን በመዝገቡ ላይ መግለጥ ግድ ይሆንባታል፤ አበበም ቁጥሩን ከመዝገቡ አንብቦ ቢትኮይኑን ይወስዳል። ጫልቱ ዝም ካለች የሁለቱም ገንዘብ ወደየባለቤቱ ይመለሳል።

የአበበ ገደብ ለምን አጠረ? ሁለቱ ገደቦች እኩል ቢሆኑ ኖሮ ጫልቱ በመጨረሻዋ ደቂቃ ላይትኮይኑን ወስዳ፣ አበበ ቁጥሩን አንብቦ ሳይጨርስ ቢትኮይኗም ሊመለስላት ይችል ነበር። ዘዴው ግሩም ቢሆንም ፈጣን አይደለም። በዚያ ላይ ጫልቱ እስከ 24 ሰዓት ዋጋውን እየተመለከተች «ልግፋበት ወይስ ልተወው?» ማለት ስለምትችል፣ የመጠበቁ ሸክም በአበበ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው መንገድ የጋራ ጎተራ ነው። በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ዩኒስዋፕ በዚህ መንገድ ይሠራል። ብዙ ሰዎች ሁለት ዓይነት ገንዘብ በአንድ ጎተራ ያጠራቅማሉ፤ ዋጋውን የሚወስነው የሁለቱ መጠን ብዜት አይለወጥም የሚል ሕግ ነው። ለግንዛቤ እንዲረዳን በጎተራው 100 ጠገራና 1000 አሞሌ አለ እንበል፤ ብዜቱ 100,000 ነው። ዋጋው አንድ ጠገራ በ10 አሞሌ ይመስላል። ሆኖም አንድ ሰው 10 ጠገራ ቢያስገባ ጠገራው 110 ስለሚሆን፣ ብዜቱ እንዲጠበቅ አሞሌው ወደ 909 መውረድ አለበት፤ ሰውየው የሚያገኘው 100 ሳይሆን 91 ያህል አሞሌ ነው። 100 ጠገራ ቢያስገባ ደግሞ የሚደርሰው 1000 ሳይሆን 500 ብቻ ነው። ጎተራው ከቶ ባዶ አይሆንም፤ የሚቸኩልና ብዙ የሚፈልግ ሰው ግን አብዝቶ ይከፍላል። ከዚህም በላይ ጎተራው የሚሠራው በአንድ መዝገብ ውስጥ ነው። ከመዝገብ ወደ መዝገብ ለመሻገር «ድልድይ» የሚባል ሌላ አሠራር ያስፈልጋል፤ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ሮኒን ከተባለው ድልድይ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ መዘረፉ የድልድዮችን ደካማነት አሳይቷል።

በአገራችንስ?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን፣ በምስጠራ ገንዘብ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በዘርፉ የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጠይቋል። በሌላ በኩል በኮምፒውተር ቢትኮይን የሚያመርቱ ኩባንያዎች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መብራት ይገዛሉ። እንግዲህ ገንዘቡን ለማምረት ኃይል መሸጥና በገንዘቡ መገበያየት በአንድ ሚዛን እንዳልተለኩ ልብ ይሏል።

ይህ ለአንድ ተማሪ ወይም ወጣት ምን ማለት ነው? በካዛንቺስ ባንክ ስህተት ቢፈጠር ደረሰኝ ይዞ አቤት የሚባልበት ወንበር አለ። በስልክ በተደረገ «ቅጽበታዊ» ምንዛሪ ግን ገንዘቡ ወደተሳሳተ አድራሻ ቢሄድ መዝገቡ አይመልሰውም፤ አማላጁ ቢሰወርም ባለገንዘቡ ሕግ ባልፈቀደው ግብይት ለማን እንደሚከስ ግራ ይገባዋል። የጠፋው የወር ደመወዝ ወይም ከባሕር ማዶ የተላከ የቤተሰብ ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት መልኩ እጅግ ተለውጧል። የምንዛሪ መሠረታዊ ጠባይ ግን ከአሞሌ ዘመን እስካሁን አልተለወጠም፤ በሁለት ገንዘቦች መካከል ሁልጊዜ መንገድ አለ፣ መንገዱንም የሚሄድ ሰው አለ። ስለዚህ «በቅጽበት» የሚል ቃል ባየን ቁጥር አስቀድመን እንጠይቅ፦ መንገዱን ስለ እኛ የሚሄደው ማን ነው? በመንገድ ቢቀርስ ተጠያቂው ማን ነው? መልሱ ካልታወቀ ዋጋውም አልታወቀም።