የፓራሜትር ሽግግር በዴስክቶፕ መስኮቶች መካከል፦ የቆሼ አደጋ ቀን እንደ ማሳያ

በዴስክቶፕ ፕሮግራም ከአንድ መስኮት ሌላ መስኮት መክፈት ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው አዲሱ መስኮት የማንን መረጃ ይዞ እንደተከፈተ በትክክል እንዲያውቅ ማድረግ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ በቆሼ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእንዲህ ዓይነት አደጋ በኋላ ተጎጂ ቤተሰቦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ለማሳያነት ይታሰብ። የመጀመሪያው መስኮት የቤተሰቦችን ዝርዝር ያሳያል፤ አንዱ ሲመረጥ ዝርዝር መረጃው በሁለተኛው መስኮት ይከፈታል። በሽግግሩ ስሕተት ቢፈጠር የአንዱ ቤተሰብ ርዳታ በሌላው ስም ሊመዘገብ ይችላል።

ጀማሪዎች የሚያዘወትሩት መንገድ የተመረጠውን ቤተሰብ ከየትኛውም ክፍል በሚታይ ግሎባል ተለዋዋጭ ማስቀመጥ ነው። ይህ የሚሠራው አንድ መስኮት ብቻ እስከተከፈተ ድረስ ነው። ሁለተኛ ቤተሰብ ሲከፈት የቀድሞው ዋጋ ይደመሰሳል፤ ከዚያም በፊተኛው መስኮት የተጻፈው ማስተካከያ በኋለኛው ቤተሰብ መዝገብ ላይ ይቀመጣል።

የተሻለው ዘዴ ዋጋውን በኮንስትራክተር ማስተላለፍ ነው። በሲ ሻርፕ የተጻፈ የመስኮት ክላስ የቤተሰብ መለያ ቁጥርን በኮንስትራክተሩ ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ ቁጥሩ ሳይሰጥ መስኮቱን ለመፍጠር የሚሞክር ኮድ ገና በኮምፓይለሩ ይታገዳል። በፕሮፐርቲ ማስተላለፍም ይቻላል፤ ሆኖም መስኮቱ ከመታየቱ በፊት መሞላቱን የሚያረጋግጠው ፕሮግራም አድራጊው ራሱ ነው።

ምን እንደሚተላለፍም ሊታሰብበት ይገባል። ሙሉው የቤተሰብ ኦብጀክት ሲተላለፍ ሁለተኛው መስኮት የሚደርሰው ቅጂ ሳይሆን ሪፈረንስ ነው። ተጠቃሚው ጥቂት ለውጦ «ሰርዝ» ቢልም፣ ለውጡ በቀጥታ በኦብጀክቱ ላይ ተደርጎ ከነበረ በመጀመሪያው መስኮት ይቀራል። ስለዚህ መለያ ቁጥሩን ብቻ አስተላልፎ መረጃውን ከመረጃ ቋት እንደገና ማንበብ፣ አለዚያም ቅጂ መስጠት ይመረጣል።

በኢትዮጵያ ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ቀን ነው። የአደጋው ቀን 02/07/2009 ተብሎ በጽሑፍ መልክ ቢተላለፍና ተቀባዩ መስኮት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ቢያነበው፣ እንደ ኮምፒውተሩ የቀን አጻጻፍ ምርጫ ጁላይ 2 ወይም ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 ይሆናል። ትክክለኛው አቻ ግን ማርች 11 ቀን 2017 ነው። ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ የሆነው ይህ ልዩነት ምንም የስሕተት መልእክት አያስከትልም። ጳጉሜን 5 ቀን 2009 እንኳ 05/13/2009 ተብሎ ሲጻፍ በአሜሪካ አጻጻፍ ሜይ 13 ሆኖ ያልፋል።

መፍትሔው የኢትዮጵያን ቀን በሚገባበት ቦታ ወዲያው ለውጦ በቀን ዓይነት ዳታ ማስተላለፍ፣ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መመለስንም ለሚያሳየው መስኮት መተው ነው። በዚህ አሠራር በመስኮቶቹ መካከል የሚያልፈው ቀን አንድ ትርጉም ብቻ ይኖረዋል፤ መዝገቡም አደጋው የደረሰበትን ምሽት ሳያዛባ ይይዛል።