ከሾኔ መናኸሪያ የሚታየው ተራራ

ሾኔ ላይ ከሚኒባስ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የባጃጅ ግርግር ነው። ከሀላባ ቁሊቶ ተነሥቶ በቦዲቲ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው አስፋልት ከተማዋን መሐል ለመሐል ያቋርጣታል። መንገደኛው ወርዶ እግሩን ያፍታታል፣ አንድ ስኒ ቡና ይጠጣል፣ የበርበሬ ዋጋ ይጠይቃል፣ ረዳቱ “ሶዶ! ሶዶ!” ሲል ተመልሶ ይሳፈራል። ሾኔ ለብዙ ሰው እንዲህ የአሥር ደቂቃ ከተማ ናት።

እኔ የምለምነው እነዚያን አሥር ደቂቃዎች ቀና ብሎ ለማየት እንድትጠቀሙባቸው ነው። በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ከዱራሜ ከተማ ጀርባ፣ ሰማያዊ ሆኖ የተቀመጠ ግዙፍ ተራራ አለ። ጠዋት ጉም ይለብሳል፤ ረፋድ ላይ ጉሙ ከወገቡ ጀምሮ ሲገፈፍ ጫፉ ብቅ ይላል። ሀምበሪቾ ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ የከምባታ ተራራ ነው፤ ግርጌው ያለችው ዱራሜም ከሾኔ ቅርብ ናት። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼ ስሙን ሳልጠይቅ እንዳለፍኩ ሳስብ ይቆጨኛል።

በሌላ አገር እንዲህ ያለ ቦታ ምን ይሆናል? በተለይ ህንድን አስቡ። ባጃጁም ከዚያው አገር የመጣ ነው፣ ዕድሜው ለገፋው አንባቢም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ህንዳውያን መምህራን ትዝ ይሉታል። ብዙዎቹ የመጡት ከደቡብ ህንድ፣ ከኬረላ ነበር። የህንዳውያን አገር ሜዳው ላይ በጋው የሚያነድ ስለሆነ እንግሊዞች ሲገዙዋቸው በየተራራው አናት የደጋ ማረፊያ ከተሞችን ቆረቆሩ። ሺምላ ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቅኝ ገዢው መንግሥት የበጋ መናገሻ ሆነች። በደቡብ ደግሞ በኒልጊሪ ተራሮች ላይ ኡቲ ተመሠረተች። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላም ቢሆን የህንድ ቤተሰብ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጉ፣ አዲስ ተጋቢዎችም ሠርጋቸው ሲያልቅ ወደነዚህ ከተሞች ሽቅብ ይወጣሉ።

ኡቲን ጠጋ ብሎ ማየት ጥሩ ነው። እዚያ ጎብኚውን የሚያቆዩት ነገሮች እጅግ ታላላቅ አይደሉም። አንድ ሐይቅ አለ፤ ሐይቁ ተፈጥሮ የሰጠው ሳይሆን በ1824 እ.ኤ.አ. ጆን ሰሊቫን የሚባል እንግሊዛዊ ሹም ያሠራው ነው። አንድ የዕፀዋት መናፈሻ አለ። 2,637 ሜትር የሆነው የዶዳቤታ ጫፍ አለ፤ ከሀምበሪቾ ያንሳል። የሻይ ማሳና የሻይ ፋብሪካ ይጎበኛል። ከሁሉም በላይ ግን ባቡሩ አለ። ከሜቱፓላያም ተነሥቶ 46 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ይህ ትንሽ ባቡር በሐዲዱ መሐል በተዘረጋ ጥርስ ባለው ብረት እየተያዘ፣ 16 ዋሻዎችንና 250 ድልድዮችን አልፎ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ኡቲ የደረሰው በ1908 እ.ኤ.አ. ሲሆን በ2005 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሰው ባቡሩ ውስጥ ሆኖ ሙቀቱ ሲቀንስ፣ ዛፉ ሲለወጥ፣ ጉሙ በመስኮት ሲገባ እያየ ይሄዳል። ጉዞው ራሱ ጉብኝት ነው።

ነገር ግን የህንድ ደጋ ከተሞች ሌላም ታሪክ አላቸው። ኒልጊሪ ባዶ መሬት አልነበረም። ቶዳ የሚባሉ ጎሽ አርቢ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩበት፣ የሚያመልኩበት ምድር ነበር። ገዢዎቹ ቤታቸውንና መናፈሻቸውን ሲሠሩ የቶዳዎች የግጦሽ መሬት እየጠበበ ሄደ። ሀምበሪቾን ሳስብ ይህን መርሳት አልችልም። ሀምበሪቾ ባለቤት ያለው ተራራ ነውና።

የከምባታ ሽማግሌዎች ሲተርኩ፣ የሕዝቡ ጥንተ መሠረት የሆኑት ሰባት ጎሳዎች መጀመሪያ የሰፈሩት በዚህ ተራራ ላይ ነው ይላሉ። ዎማ የሚባሉት የከምባታ ነገሥታት እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በዚህ አካባቢ ነግሠዋል። በቀድሞው እምነትም ተራራው የጸሎትና የመሥዋዕት ቦታ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው ወንጌላዊ ክርስቲያን ከሆነ በኋላም፣ “ሀምበሪቾ” ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ፣ አክብሮታቸው ከፍ የሚል አባቶችን አግኝቻለሁ።

ወደ አናቱ የሚወጣው ደረጃ 777 ነው፤ ቦታውም ሀምበሪቾ 777 እየተባለ የሚጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰባት ቁጥር ሦስት ጊዜ ተደርድሮ ሳይ ሰባቱን ጎሳዎች አሰብኩ። ስንጀምር እየቆጠርን ነበር፤ ከሁለት መቶ በላይ ግን የቆጠረ ከመካከላችን አልነበረም፣ ትንፋሽ አይበቃም ነበርና። መቶ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ በላይ ይቀዘቅዛል። ዱራሜ ላይ የወለቀ ጃኬት አናቱ ላይ ተመልሶ ይለበሳል፤ ልዩነቱ አምስት፣ ስድስት ዲግሪ ይደርሳል። ከግማሽ በኋላ ነፋሱ ላቡን ያደርቃል፣ ጆሮ ይቀዘቅዛል፣ ከታች የነበረው የልጆች ጩኸትና የሞተር ድምፅ ይጠፋል።

አናቱ ላይ ሲደረስ አገሩ ሁሉ ከእግር በታች ነው። በምሥራቅ የብላቴ ወንዝ የሚሄድበት ቆላማ ሜዳ፣ ከሜዳውም ወዲያ የስምጥ ሸለቆው ጭጋግ አለ። በደቡብ ዱራሜና ሾኔ ቆርቆሮአቸው ሲያብለጨልጭ ይታያል፤ ሰማዩ ከጠራ ደግሞ የወላይታው ዳሞታ ተራራ ከሩቅ ብቅ ይላል። ከሁሉም የበለጠ ዓይን የሚይዘው ግን ቅርቡ ነው። ቁልቁለቱን ሁሉ የሸፈነው አረንጓዴ ጫካ አይደለም፣ የሰው ጓሮ ነው። ቤት፣ እንሰት፣ ቡና፣ ጎመን፣ ደግሞ ቤት፣ ደግሞ እንሰት። ይህን ያህል ሕዝብ በዚህች ጠባብ መሬት ላይ እንዴት ተቀምጦ ይበላል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከፊቱ ተዘርግቷል።

ስንወርድ ከመንገዱ ዳር እንሰት የሚፍቁ እናቶች አገኘን። አንደኛዋ በሳንቃው ላይ ያጋደሙትን የእንሰት ግንድ ልጥ በአንድ እግራቸው ደግፈው፣ በሁለት እጃቸው መፋቂያውን እያወረዱ ነበር። ነጩ ሥጋው ወደ ታች ይዘረገፋል፣ እጃቸው ላይ ረጅም ቃጫ ይቀራል። ከሚጨመቀው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው፤ የቀረው ጉድጓድ ገብቶ፣ በኮባ ተሸፍኖ፣ ሲቦካ ቆጮ ይሆናል። “እማማ፣ ይሄ ተክል ስንት ዓመቱ ነው?” አልኳቸው። “ልጄ፣ ይቺ የተተከለች ጊዜ ያ ልጅ አልተወለደም ነበር” ብለው በአገጫቸው ወደ አንድ የስድስት ዓመት ገደማ ልጅ ጠቆሙኝ። እንሰት ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ዝናብ ቢቀር፣ በቆሎው ቢከዳ፣ ጓሮ ቆሞ የሚጠብቅ ስንቅ ነው። ህንዳውያኑ ለጎብኚ የሻይ ፋብሪካ ያሳያሉ፤ እኔ ግን ይህችን ሳንቃና እነዚህን እጆች ከሻይ ፋብሪካ አስበልጣለሁ።

በዚህ አገር ያለፈ አንድ የጥንት መንገደኛ ታሪክም ከጉዳዬ ጋር ይገናኛል። በ1613 እ.ኤ.አ. ዐፄ ሱስንዮስ ፈቁረ እግዚእ የተባለ መልእክተኛቸውንና አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ የተባለ ፖርቱጋላዊ የኢየሱሳውያን ካህን ላኩ። ዓላማቸው በደቡብ በኩል ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ወደ መሊንዲ ወደብ የሚወስድ መንገድ መፈለግ ነበር። የፖርቱጋሎች የምሥራቁ ማዕከል ህንድ ውስጥ፣ ጎዋ ላይ ነበርና መሊንዲ ከደረሱ የቀረው የመርከብ ጉዞ ነው። መልእክተኞቹ በእናርያና በጃንጀሮ በኩል አድርገው ከምባታ ደረሱ፤ ገዢው ሐመልማልም ተቀበላቸው። ሀላባ ላይ ግን ተያዙ፣ ወደ መጡበትም ተመለሱ። እነዚያ ሰዎች ወደ ህንድ ለመድረስ ሲደክሙ የረገጡት ምድር ይህ፣ ዛሬ እኛ ህንድ ሄደን የምንፈልገው ዓይነት ደጋ ያለበት ምድር ነው።

ዱራሜ ላይ ሌላ ትልቅ ስም አለ። ቦጋለች ገብሬ የከምባታ ልጅ ናቸው። በ1997 እ.ኤ.አ. ኬምባቲ መንቲ ጌዚማ የተባለውን የሴቶች ድርጅት እዚሁ መሠረቱ፤ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ሕዝቡን በየቀበሌው ቁጭ አድርገው አወያዩ። ለቤልጅየሙ የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት በቁ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. አረፉ። ተራራውን ለማየት የሚመጣ ሰው፣ በተራራው ግርጌ የተደረገውን ይህን ሥራም ጠይቆ ቢሄድ ጉብኝቱ ሙሉ ይሆናል።

ከሀምበሪቾ ዙሪያ ሌላም አለ። በምዕራብ፣ ከምባታና ወላይታ በሚዋሰኑበት፣ አጃጮና ሶኬ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ወደ ገደል ይወረወራሉ፤ አጆራ ፏፏቴ ይባላል። መታየት ያለበት ከክረምት መውጫ በኋላ ነው፣ በጋ ሲገፋ ውኃው ይቀጥናል። ወደዚያ ሲኬድ የሚታለፈው የሀደሮ አካባቢ በዝንጅብል የታወቀ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የገባው የማጠውለግ በሽታ ግን ማሳውን ጠርጎ ብዙ ገበሬ አስለቅሷል። በምሥራቅ በኩል የሀላባ ገጠር ቤቶች አሉ፤ ግድግዳቸው ውስጥ ለውስጥ በሥዕል ያጌጠ ነው። በሰሜን ደግሞ ሆሳዕና፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ፣ አለች። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዋ ስሙን ጠብቆላታል።

ታዲያ ሀምበሪቾ ምን ይጎድለዋል? ከፍታው አለ፣ ጉሙ አለ፣ ታሪኩ አለ፣ ደረጃውም ተሠርቶለታል። የጎደለው እንግዳውን አንድ ሌሊት የሚያሳድር ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። እንግዳ ጠዋት ወጥቶ ማታ ሌላ ከተማ ካደረ፣ ተራራው ላይ የሚቀረው የላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ነው። እንሰት የሚፍቁት እናት ቡላቸውን የሚሸጡለት፣ የአካባቢው ወጣት መንገድ የሚመራው፣ ሽማግሌው የሰባቱን ጎሳዎች ታሪክ የሚያወጋው እንግዳ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ባቡርም ቤተ መንግሥትም አይጠይቅም። ንጹሕ አልጋ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ማታ ትኩስ ቆጮ በአይብና በጎመን የሚያቀርብ ቤት ይበቃል። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው የሠሩ ልጆች በሆሳዕና፣ በሾኔና በዱራሜ ስንት ፎቅ አቁመዋል! ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ወደዚህ ቢመለስ ደስታዬ ወሰን የለውም። ግን በቶዳዎች የደረሰው በከምባታ ገበሬ እንዳይደርስ፣ መሬቱ ከጓሮው ባለቤት እጅ ሳይወጣ ይሁን።

መሄድ ለሚፈልግ አንባቢ የምመክረው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ አደይ አበባው ይፈነዳል። በመስቀል ሰሞን ከደረሳችሁ ደግሞ በከምባታ መሳላ፣ በሀዲያ ያሆዴ ነው፤ በሀዲያ ቤት ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው አታካና ይቀርብላችኋል፣ አትግደርደሩ። ከሾኔ በጠዋት ተነሡ፣ ዱራሜ ላይ ቁርስ ብሉ፣ ጃኬትና ውኃ ያዙ፣ የሚመራችሁን ልጅ ከአካባቢው ፈልጋችሁ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ማታውን ዱራሜ እደሩ። በማግሥቱ ጉሙ ከተራራው ወገብ ላይ የሚገፈፈው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።