ሦስት ቀን ጀመዓ መውጣት፦ የኹሩጅ ውሎ በጅማና በዙሪያዋ



ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ከዶርም የሚወጣ ወንድም ስናይ «የት ነው?» እንለዋለን። እሱም «ጀመዓ ልወጣ ነው» ይላል። ብዙዎቻችን ከዚህ በላይ አንጠይቅም። አንዳንዱ ከትምህርት የሚሸሽ ይመስለዋል። ሌላው የተለየ ቡድን ነው ብሎ ይጠራጠራል። ሌላው ደግሞ መውጣት ይፈልግና ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ለሦስቱም እንዲጠቅም ኹሩጅ ምን እንደሆነና ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ከመውጣታችን በፊትም ምን ማሟላት እንዳለብን እናያለን።

ከየት መጣ?

«ተብሊግ» ማድረስ ማለት ነው። እንቅስቃሴውን በህንድ፣ መዋት በሚባለው አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የጀመሩት ሸይኽ ሙሐመድ ኢልያስ አል-ካንደህለዊ ናቸው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ዳዕዋ የዓሊሞች ሥራ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ነጋዴውም ገበሬውም ተማሪውም ከጊዜው ቆርጦ፣ በራሱ ገንዘብ ይውጣ፤ የሚያውቃትን ያድርስ፣ የማያውቀውን ይማር። የተለመደው ልክ በወር ሦስት ቀን፣ በዓመት 40 ቀን፣ በዕድሜ አንድ ጊዜ አራት ወር ነው። አራት ወር የሚወጡት ብዙ ጊዜ ወደ ህንድ፣ ፓኪስታንና ባንግላዴሽ ይሄዳሉ።

ወደ ሀገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሆን በስፋት የታወቀው ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነው። መርከዙ አዲስ አበባ ኮልፌ ነው። ጅማ ግን ለዲን ብሎ የመጣን እንግዳ ማስተናገድ ከዚያ በፊትም ታውቅበታለች። እስልምና ወደ ጊቤ መንግሥታት ሲገባ የጀበርቲ ነጋዴዎች ከሸቀጣቸው ጋር ዲናቸውን ይዘው መጥተዋል። በኋላም አል-ፈኪ አሕመድ ዑመር ከምዕራብ አፍሪካ ተነስተው፣ በሱዳን በኩል ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ መጥተው የቲጃኒያን ጠሪቃ አስፋፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ያረፉት ያአ በሚባለው ቦታ ሲሆን እስከ ዛሬ ከጅማ ለዚያራ የሚሄድ አለ።

የማንን በር እናንኳኳለን?

ወጣትን ለሃይማኖት ከቤቱ ማስወጣት የሌሎችም ልማድ ነው። በዓለም በሰፊው የሚታወቀው የሞርሞኖች ነው። ወንዶቹ ሁለት ዓመት፣ ሴቶቹ 18 ወር ቤተ ክርስቲያናቸው ወደ መደበቻቸው ቦታ ሄደው ያገለግላሉ። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ይንቀሳቀሳሉ። ወጪው በአብዛኛው የራሳቸውና የቤተሰባቸው ነው። ለቤተሰባቸው በየሳምንቱ እንዲደውሉ የተፈቀደላቸው እንኳ ገና እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

የራስ ወጪው፣ ጓደኛ አለመለየቱ፣ ከቤት መራቁ ከኹሩጅ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እነሱ እምነታቸውን ያልተቀበለውን ሰው ፍለጋ ይሄዳሉ። ጀመዓው የሚሄደው ወደ ሙስሊሙ ቤት ነው፤ መልእክቱም «ወደ መስጂድ እንመለስ» የሚል ነው። ይህን ማወቅ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ግቢ አጥር በሚጋራበት ሰፈር በጣም ይጠቅማል። ማንም ጎረቤት «ምን ሊያደርጉ መጡ?» ብሎ እንዲሰጋ አንፈልግም።

አንድ ቀን እንዴት ያልፋል?

ጀመዓው አሥር ሰው ገደማ ሆኖ አንድ አሚር ይመርጣል። መስጂዱ ሲደረስ መጀመሪያ ኢማሙና የመስጂዱ ኮሚቴ ሰላም ይባላሉ፤ ፈቃድ ይጠየቃል፤ መታወቂያ ይታያል። ከዚያ የኢዕቲካፍ ኒያ ይደረግና ዕቃው በአንድ ጥግ ይደረደራል።

ቀኑ የሚጀምረው ከፈጅር በፊት፣ የቻለ ለተሃጁድ ሲነሳ ነው። ከሶላት በኋላ አጭር በያን ይደረጋል። ቁርስ ሲያልቅ መሽዋራ ይቀመጣል። ማን ያበስላል? ማን ተዕሊም ያነባል? ማን የታመመ ይጠይቃል? ሁሉም ሐሳቡን ይሰጣል፣ አሚሩ ይወስናል፣ ከውሳኔ በኋላ ክርክር የለም። ኺድማ የደረሰው ሽንኩርት ይልጣል፣ ድስት ያጥባል። በግቢ የካፌ ሰልፍ ብቻ የለመደ ተማሪ ለአሥር ሰው ሩዝ ስንት ውኃ እንደሚፈልግ እዚህ ይማራል።

ረፋድ ላይ ተዕሊም አለ። ብዙ ጊዜ «ፈዷኢሉል አዕማል» ይነበባል፤ ፋቲሓ ተራ በተራ ይቀራል፣ ስህተቱ ይታረማል። ጢም ያበቀለ ሰው ከአሥር ዓመት ልጅ ጎን ተቀምጦ ፋቲሓውን ሲያስተካክል ማየት ከብዙ በያን ይበልጣል።

ከዐስር በኋላ ጀውላ ነው። የሰፈሩ ሰው «ደሊል» ሆኖ ይመራል፤ አንዱ ይናገራል፤ ሌሎቹ ዓይናቸውን ሰብረው በዚክር ይከተላሉ። መስጂድም ውስጥ ዱዓ የሚያደርግና የሚመጣውን የሚቀበል ሰው ይቀራል። ንግግሩ አጭር ነው፤ ሰው ከሥራው አይያዝም። ከመግሪብ በኋላ በያን ይደረግና «ማን ሦስት ቀን ይወጣል?» ተብሎ ይጠየቃል።

ቡናው ሲደርስ

ወደ አጋሮ፣ የቡ ወይም ሊሙ ገነት አካባቢ የሚወጣ ጀመዓ የቡናን ወቅት ማወቅ አለበት። በጥቅምትና በኅዳር ሰው ከጠዋት ጀምሮ ለቀማ ላይ ነው። አመሻሹ ላይ ደግሞ እሸት ቡናውን ወደ መፈልፈያ ያደርሳል፤ ቡናው ካደረ ይበላሽበታል። በዚያ ሰዓት በር ብናንኳኳ የምናገኘው ሽማግሌና ሕፃን ነው። ስለዚህ መሽዋራው ጀውላውን ወደ ሌላ ሰዓት ሊያዞር ይችላል። ገበሬውን ግን ጆንያ ተሸክሞ ባለበት ማስቆም አደብ አይደለም።

ቋንቋም አለ። በገጠሩ ንግግሩ በአፋን ኦሮሞ ካልሆነ አይገባም። ከወሎ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣው ወንድማችን ዝም ብሎ ይከተላል፣ ያዳምጣል። ሰላምታውንና «ኑ ወደ መስጂድ» ማለትን ግን በሦስት ቀን ይለምዳል። መስተንግዶው ደግሞ የታወቀ ነው፤ «አልቸገራችሁም» ብንልም ቡናው ይፈላል፣ ቡና ቀላውም በቅቤ ይቀርባል።

የማናውቀውን አንመልስም

ገጠር ውስጥ ጥቅልል ይዞ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ዓሊም ይመስላል። የፍቺና የውርስ ጥያቄ ይቀርብለታል። እዚህ ላይ በግምት የተሰጠ አንድ መልስ የአንድ ቤት ትዳር ሊያፈርስ ይችላል። መልሱ «አላሁ አዕለም፣ ሸይኻችሁን ወይም ቃዲውን ጠይቁ» ነው። የመዝሀብ ልዩነትና ፖለቲካ አለማንሳትም የጀመዓው ደንብ ነው። በኪታቡ ውስጥ ያሉ ደካማ ሐዲሶችን አንስተው የሚተቹ ዓሊሞች አሉ፤ ትችታቸውን መስማትና ከዓሊም መጠየቅ ተገቢ ነው። ኹሩጅ ኪታብ ከመቅራት አያድንም።

እህቶችስ?

ሴቶች የሚወጡት ከባል ወይም ከመሕረም ጋር ነው፤ «መስቱራት» ይባላል። ወንዶቹ መስጂድ፣ እነሱ በአንድ ሙስሊም ቤት ያርፋሉ። መሕረም አጠገቧ የሌለ እህት በዶርሟ በቀን ጥቂት ደቂቃ ተዕሊም ብታደርግ የሥራውን ዋና ክፍል ይዛለች።

ከመውጣታችን በፊት

1. ወላጅ ይወቅ፤ ይፍቀድ። ልጁ ከዶርም ጠፋ ብላ የምትጨነቅ እናት እያለች ዱዓችን ምን ይሆናል?

2. ፈተና፣ ላብ ወይም የቡድን ፕሮጀክት ባለበት ሳምንት አንውጣ። ድርሻችንን ጥለንበት የሄድነው ጓደኛ ሐቅ አለው። የመንፈቀ ዓመቱና የክረምቱ እረፍት ሰፊ ነው።

3. ወጪያችን የራሳችን ይሁን። ተበድረን አንውጣ፤ ያለብንን ዕዳ እንክፈል።

ሱረቱ አት-ተውባ 122ኛ አንቀጽ ስለሚወጡት ሲናገር መመለሳቸውንም ያነሳል፤ ተምረው ወደ ወገናቸው ይመለሳሉ። የኹሩጁ ፈተና ሰኞ ጠዋት ይጀምራል። አልጋውን አንጥፎ፣ ለፈጅር ጓደኛውን በቀስታ ቀስቅሶ፣ ክፍሉ በሰዓቱ የገባ ተማሪ ሦስቱን ቀን ተጠቅሞበታል። «እናንተ ዱንያ ላይ ናችሁ» እያለ ዶርሙን የሚንቅ ግን በመሽዋራ ያጠበውን ድስት ረስቷል። የመስጂዱ ሰው እኛን ታግሶ፣ ምንጣፉን ለቆ፣ ቡናውን አፍልቶ የተቀበለን ተመልሰን የተሻልን ጎረቤት እንድንሆን ነው።

አላህ ኒያችንን ያስተካክልልን፤ ጠቃሚ ዒልም ይስጠን፤ የወላጆቻችንን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።